ከበሮ መቺው የሌለበት ከበሮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ባደረገልኝ ሽኝት ላይ ሙዚቃ የተጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኪቦርዱን ፊቱ አቆመ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ከበሮው ተነሣ፣ ሌላ ሲጫን ቤዙ ገባ፣ ግራ እጁን ሲያሳርፍ ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ቫዮሊኖች ተከተሉት። አጠገቤ የተቀመጠው የዜና ክፍል ባልደረባዬ በክርኑ ጎንተል አደረገኝ።

«ጋሼ፣ አየህልኝ? አንድ ሰው ሙሉ ባንድ! እኛንም በዚህ ሊተኩን ነው።»

«ይህን መሣሪያ ድሮ አውቀዋለሁ» አልኩት።

«የት?»

«አሶሳ።»

«አሶሳ? በደርግ ጊዜ? ኧረ ጋሼ፣ ያኔ አሶሳ መብራት ነበር እንዴ?»

«በባትሪ ይሠራ ነበር» አልኩት። የቀረው ለሽኝት የሚሆን ወሬ አልነበረም። አሁን ጊዜ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

በራዲዮ ዜና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ዴስክ ላይ፣ ቀጥሎ ደሴ፣ ከዚያ አሶሳ፣ በመጨረሻም ተመልሼ አዲስ አበባ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ አበሉም ይዘገይ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። አለቆችም ብዙ አየሁ። የሚጮኹ ነበሩ፣ የሚፈሩ ነበሩ፣ ከሁለቱም የባሱት ደግሞ የሚስማሙ ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ወርቁ ናቸው።

ጋሽ ወርቁ ቀጭን፣ ነገረ ቁጥብ ሰው ነበሩ። የሚጽፉት በእርሳስ ነው። ሪፖርተር ከመስክ ሲመለስ «ምን ሆነ?» ብለው አይጠይቁም፤ «ስንት ሰው አየህ?» ነው የሚሉት። «ብዙ ሕዝብ» ብሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱ ተመልሶ ይሰጠዋል። እሳቸው መስክ ሲወጡ፣ መቅረጫውን ሳይከፍቱ በፊት በስፍራው ያለውን ሰው በዓይናቸው ይቆጥሩና በደብተራቸው የቀኝ ራስጌ ላይ ቁጥሩን ያሰፍራሉ። ሥራው ሲያልቅ ደግመው ይቆጥራሉ። ሁለቱ ካልገጠሙ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብለው ሳይጠይቁ መኪና ላይ አይወጡም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ስም ነው። ስም ከወረቀት አይገለብጡም። ማይክራፎኑን ከሰውዬው አፍ አንድ ጋት ያህል አርቀው ይይዙና «ስምህን ራስህ በል» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ወረቀት የሞተ ሰው ይዞ ሊቆይ ይችላል» አሉኝ። «ማይክራፎን ግን አይችልም።»

አሥር ዓመት ያህል እንደሳቸው ሠራሁ። አንድ ቀን ግን ሳልሠራ ቀረሁ።

አሶሳ የተመደብኩት በሠፈራው ዘመን ነው። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሰዎች በካሚዮንና በአውቶቡስ እየመጡ ቀርከሃ በተመነጠረበት ሜዳ ላይ ይራገፉ ነበር። መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ነበራቸው። ሰው ሲጫን አባት በአንዱ መኪና፣ ልጅ በሌላው ወጥቶ የሁለት ቀን መንገድ ተራርቆ የሠፈረ ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዱ የሌላውን መንደር አያውቅም፤ ቢያውቅም የመውጫ ወረቀት ካልያዘ ዘብ ይመልሰዋል። ደገኛው ወባን ለምዶ አያውቅም ነበርና በመጀመሪያው ክረምት ብዙ ሰው ወደቀ። ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ አልነገረኝም፤ እኔም በራዲዮ እንድናገር አይፈቀድልኝም ነበር። የሚፈለግብኝ ሦስት ደቂቃ ድምፅ ነው፤ አዝመራ፣ ትምህርት ቤት፣ ኪነት። ቴፑ በአውሮፕላን ይሄዳል። ዝናብ ሜዳውን ካጨቀየው አውሮፕላኑ አያርፍም፤ ያ ሳምንት ያልፋል።

ኦርጋኑ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ ኪቦርድ የሚለው ሰው አልነበረም። የባህል ጉዳይ ኃላፊው ከአዲስ አበባ አስመጣው፤ የሚጫወትበትም መስፍን የሚባል፣ ቀድሞ በሆቴል ባንድ ውስጥ የሠራ ሰው አብሮት መጣ። መስፍን ቀልደኛ ነበር። መጀመሪያ ስንገናኝ እጁን ሣጥኑ ላይ እንዳሳረፈ ጠራኝ።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ ና ሠራዊቴን ላስተዋውቅህ። ይሄ ከበሮ መቺዬ ነው፤ ወባ አይዘውም። ይሄ ቤዚስቴ ነው፤ አይጠጣም። እነዚህ ቫዮሊኖች ናቸው፤ ሚስቴ ታመመች ብለው ፈቃድ አይጠይቁኝም። ውስጡ ኮምፒዩተር አለው። አንድ ጊዜ የነገርከውን አይረሳም።»

ሥራዬ ማጣራት ነውና ጠቀሜታውን ጠይቄ ጻፍኩ። እውነት ነበረው። ከዚያ በፊት የኪነት ቡድን ወደ አንድ መንደር ሲሄድ አንድ ሙሉ ካሚዮን፣ ነዳጅ፣ ለአሥራ አንድ ሰው ምግብና መኝታ ይፈልጋል። አሁን አንድ ሰውና አንድ ሣጥን ጋቢና ውስጥ ይገባሉ። ድምፃዊዋ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ዝቅ ካለ መስፍን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዜማውን ያወርድላታል፤ ክራር ቢሆን ክሩ ሁሉ መቃኘት ነበረበት። የተማረ ባለሙያ በሌለበት መንደር ለመለማመድ የሚመች ነው። ምቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ አይልም።

ጉድለቱንም ጻፍኩ። ምቱ ንቅንቅ አለማለቱ ራሱ ጉድለት ነው። የወሎ ድምፃዊ አንዱን ቃል ይዞ ትንፋሹ እስኪያልቅ ሊያንቆረቁረው ይችላል፤ ከበሮ መቺ ሰው ከሆነ ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቀዋል። ኮምፒዩተር አይጠብቅም፤ ዘፋኙ ነው እየሮጠ የሚደርስበት። ከቁልፍ ወደ ቁልፍ የሚዘለውም በተቆረጠለት ልክ ነው፤ ክራር የሚያወጣቸው በመካከል ያሉ ድምፆች እሱ ዘንድ የሉም። ባትሪው ካለቀ ደግሞ የነገርከው ሁሉ ይጠፋል። «አይረሳም» ያለኝ ባትሪው እስካለ ድረስ ነው።

ትልቁን ጉድለት የነገሩኝ ግን አባ ሐሚድ ናቸው። አባ ሐሚድ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የበርታ መንደር የዋዛ ተጫዋቾች አለቃ ነበሩ። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው የራሱን ሲነፋ ነው። መስፍን ይህን ወደ ሣጥኑ ማስገባት ፈልጎ ነበርና አብሬው ሄድኩ። አባ ሐሚድ ኦርጋኑን ዞረው ተመለከቱ፤ ጎንበስ ብለውም ከሥሩ አዩ።

«ይሄ ብቻውን ነው?»

«ብቻውን ነው፣ አባ። የአሥራ ሁለት ሰው ሥራ ይሠራል።»

«አሥራ ሁለት ሰው የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ያርፋል።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ የተቀመጡት ወጣቶችም በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር ብለው ሳቁ። መስፍን ተጫወተላቸው። ዝም ብለው አዳመጡ።

«ጥሩ ነው» አሉ ሲጨርስ። «ግን እኛ ጋ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። አንዱ ታመመ፣ ዘፈን ቀዳዳ አለው። ሴቱም ወንዱም ሰማ። ማን ነው የቀረ ይላል። ወላሂ እቤቱ ይሄዳል፣ ይጠይቃል። ይሄ ሣጥን ቀዳዳ የለውም።»

«ታዲያ ቀዳዳ ባይኖረው አይሻልም፣ አባ?»

«ለሣጥን ይሻላል» አሉ።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የጻፍኩት ለዘገባ ማሳመሪያ ይሆናል ብዬ ነው።

ከአሶሳ በስተምዕራብ ካሉት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ ዘጠኝ ሰው ያለው የኪነት ቡድን ነበር። ከበሮ መቺው ሰይድ እንድሪስ ይባላል፤ የወሎ ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የግራ እጁን አመልካች ጣት ማጭድ ቆርጦት ስለነበር አይታጠፍም። ስለዚህ ምቱ ውስጥ አንዲት ዘግየት ብላ የምትደርስ ጠብታ አለች። መስፍን ቡድኑን ሊያለማምድ ሲሄድ እኔም ነበርኩ።

«አንተ ሰው፣ ጣትህ ያነክሳል» አለው መስፍን።

«እኔ አብሬው ካነከስኩ ማን ያውቅብኛል?» አለ ሰይድ።

ኦርጋኑ ላይ በጣት የሚመቱ ትናንሽ ሰሌዳዎች ነበሩበት። በእነሱ ላይ የተመታውን ምት ሣጥኑ ይይዝና እየደጋገመ ይጫወተዋል። መስፍን ሰይድን አስቀምጦ «በል አስተምረው» አለው። ሰይድ መታ። መስፍን ቁልፉን ተጫነ፤ ሣጥኑም ከነማንከሱ መለሰው። መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴት «ሰይድ፣ መንታ ተወለደልህ!» ብላ ጮኸች። ሰይድም እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ «አብሽር ወንድሜ፣ እርሻም አንተ ትሄዳለህ» አለው። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ቴፕ ግን አልያዝኩም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ መጣ። አምስት ወር ያህል ወደዚያ መንደር አልሄድኩም።

ለበዓል ፕሮግራም የሠፋሪዎች ኪነት እንድልክ ከአዲስ አበባ ሲታዘዝ ወደዚያው መንደር ሄድኩ። መንገድ ላይ ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን ጠፋ። ስደርስ ዝናብ ያዘለ ደመና ከብዶ ነበር፤ አውሮፕላኑ በማግሥቱ ጠዋት ይመጣል፤ ሾፌሩ ወንዙ ሳይሞላ እንመለስ ብሎ ጥሩምባ ይነፋል። ቀረጻው የተዘጋጀው የቀርከሃ ግድግዳ ባለው አዳራሽ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነበር። መስፍን ኦርጋኑን በሩ አጠገብ አቁሟል፤ ዘፋኞቹ ከኋላው ጨለማው ውስጥ በጆንያዎች ላይ ተቀምጠዋል። የመንደሩ ካድሬ በመስፍን ትከሻ በኩል ቆሟል። የቡድኑን ስም ስጠይቀው በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። ዘጠኝ ስም ነበረበት።

የመቅረጫውን ባትሪ አየሁ፤ ባትሪ ሲደክም ቴፑ ይዘገይና በኋላ ሲሰማ ድምፁ ሁሉ ይቀጥናል። ማይክራፎኑን ከዝናቡ ድምፅ አዞርኩ። የድምፁን መጠን ለካሁ። ሥራዬን በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት። ከዚያ ኦርጋኑ ተነሣና ያቺ የምታነክስ ምት መጣች። ሰይድ አለ አልኩ በልቤ። ድምፁ ሙሉ ነበር፤ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ክራር፣ ጭብጨባ። ሰው አልቆጠርኩም። ማንንም ስምህን በል አላልኩም። ዘፈኑ ሲያልቅ ወረቀቱን አነሣሁና በራሴ ድምፅ ዘጠኙን ስም አነበብኩ፤ «በከበሮ ሰይድ እንድሪስ» ብዬ። የዚያን ቀን ደብተር ዛሬም አለኝ፤ የቀኝ ራስጌው ባዶ ነው።

ፕሮግራሙ ተላለፈ። በየመንደሩ ጽሕፈት ቤት ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሁሉም ሰማው። ከአዲስ አበባ የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንዲት ሴት ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የነካው። ከባምባሲ በኩል ካለ የሠፈራ መንደር ያለ መውጫ ወረቀት ሁለት ቀን በእግሯ መጥታለች። ዘብ ሁለት ጊዜ ይዞ ለቋታል።

«ሰይድን በራዲዮ የጠራው ጋዜጠኛ የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ፋጡማ እባላለሁ። እናቱ ነኝ» አለችና ሁለቱንም እጄን ይዛ ሳመቻቸው። «ከተጫንን ወዲህ ወሬውን የሰማሁት ካንተ ነው። ስሙን ሳትጠራ ገና በምቱ አወቅኩት። ያቺ ጣቱን እኔ ነኝ ያሰርኩለት። ወላሂ ልጄ ነው አልኩ፤ ጎረቤቶቼ ዝም በይ አንቺ አሉኝ፤ ከዚያ አንተ ስሙን ጠራህ።» እስክትረጋጋ ጠበቅኩ። «እስቲ ንገረኝ፣ ከስቷል?»

መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ላይ የመጣው ከክረምቱ በፊት ሲስቅ ያየሁት ሰይድ ነው። የቀረጻው ቀን ፊቱን ፈለግኩት፤ አልነበረም። በሩን፣ ኦርጋኑን፣ ካድሬውን አስታወስኩ፤ ከኋላ ያለው ጨለማ ነበር።

«አላስታውስም» አልኳት።

«ሰው አይተህ መክሳቱን አታስታውስም?»

«አዳራሹ ጨለማ ነበር፣ እናቴ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ሂድና ከስቷል ወይስ ደህና ነው በለኝ። እጠብቅሃለሁ።»

አከራዬ ዘንድ አስቀመጥኳትና በማግሥቱ በእህል መኪና ወደ መንደሩ ሄድኩ። መስፍን አዳራሹ ውስጥ ብቻውን የኦርጋኑን ቁልፎች በጨርቅ ይወለውል ነበር።

«ሰይድ የት ነው?» አልኩት።

ጨርቁን አስቀመጠ። «በክረምቱ መግቢያ። በአራት ቀን። ወባ ነው።»

«የዚያን ቀን ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«እኔና አራት ሰው። ሦስቱ ሞተዋል፣ አንዱ አምልጦ ሄዷል፣ አንዷ ተኝታለች። ክራሩም ጭብጨባውም ከዚህ ነው» ብሎ ሣጥኑን በመዳፉ ነካ አደረገ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ካድሬው ትከሻዬ ላይ ቆሟል፣ ምን ልበል? አንተ ትቆጥራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ሁልጊዜ ትቆጥር አልነበር? ብትጠይቀኝ ኖሮ በዓይኔም ቢሆን እነግርህ ነበር።»

መቃብሩን አሳየኝ። ከመንደሩ ጀርባ ቀርከሃው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የተቆለሉትን አፈሮች ቆጠርኩ፤ ቁጥሩንም ጻፍኩ። ያኔ የሚጠቅመው ለማንም አልነበረም።

እዚያው መንደር የወሎ ሠፋሪዎች ሽማግሌ የሆኑ ሼህ ይመር ነበሩ። ለእናቱ እንዴት እንደምነግራት ጠየቅኳቸው።

«መርዶ ቢሮ ውስጥ አይነገርም» አሉኝ። «ለብቻዋም አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሌላ ነገር ሳትሰማ፣ ተከባ ይነገራታል። ሦስት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።»

«እርስዎ ይንገሯት?»

«እኔ?» አሉ። «አየህ ልጄ፣ እኛ ቀብረነው ነበር። ያስነሣኸው አንተ ነህ። አንተ ትነግራታለህ።»

የመውጫ ወረቀቱን እኔ ዋስ ሆኜ ፈርሜ አወጣሁላቸው። አከራዬ የወለጋ ሰው፣ ፕሮቴስታንት ነበረች፤ ነገሩን ስትሰማ ምንም ሳትጠይቅ ጎረቤቶቿን ጠርታ ግቢዋን በሴቶች ሞላችው። ጎህ ሲቀድ ፋጡማ ከተኛችበት ክፍል ወጣች። ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ስታይ ቆመች። ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚሰበሰብ ታውቃለች።

«እናቴ፣ ሰይድ ሞቷል» አልኳት። «ቆይቷል። በራዲዮ ስሙን የጠራሁ ጊዜም ሞቶ ነበር። ሳላየው ነው የጠራሁት።»

የሆነውን ዘርዝሬ አልጽፍም። ሴቶቹ ያዟት። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሼህ ይመር ዱዓ አደረጉ። በመጨረሻው ቀን እኔን አስጠራችኝ። ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

«እዚያ ራዲዮ ላይ አለ ብለሃል። እዚያው ሞቷል በል። እኅቱ በመተከል በኩል ሠፍራለች መሰለኝ፤ በየትኛው መንደር እንደሆነ አላውቅም። ሰምታው ይሆናል። እንደኔ ተነሥታ እንዳትሄድ።»

«እላለሁ» አልኳት።

ሦስት መስመር እርማት ጻፍኩ። በቀደመው ፕሮግራም በስሕተት ስሙ የተጠራው ሰይድ እንድሪስ በሕይወት የለም፤ እናቱ ወይዘሮ ፋጡማ ለዘመዶቿ ይህን ታሳውቃለች የሚል ነው። በአውሮፕላን ላክሁት። ተመልሶ መጣ፤ ጠርዙ ላይ «ለሥርጭት አይሆንም» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። «በሕይወት የለም» የሚለውን አውጥቼ ደግሜ ላክሁ። መልስ አልመጣም። ለሦስተኛ ጊዜ በስልክ ለመንኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለኝ የፕሮግራሙ ኃላፊ። «ሠፋሪ ሞተ ብለን በራዲዮ ልንናገር?»

በዚያው ዓመት ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ሁለተኛው ሲተላለፍ በባምባሲ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ፋጡማ ካለችበት መንደር አጠገብ። ሴቶች የጋራ እርሻ ላይ ያርማሉ። ከምሰሶው ላይ ያቺ ምት ስትመጣ ፋጡማ ቀጥ ብላ ቆመች። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ማረሚያቸውን መሬት ላይ ጥለው ወደ እሷ ሄደው ከበቧት። በድምፅ ማጉያው የራሴ ድምፅ «በከበሮ ሰይድ እንድሪስ» አለ። ከመኪናው አልወረድኩም።

ከዚያ በሚቀጥለው ወር ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄድኩ። የቴፕ ቤቱ ሠራተኛ ምሳ ሲወጣ ገባሁ። ቴፑን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ማጥፊያው ማግኔት ላይ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አዞርኩት። መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሲደርሱበት እኔ ነኝ አልኩ፤ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ፤ ነገሩም በዚህ አለፈ። ያኔ ቀለል ብሎኝ እንደነበር መደበቅ አልችልም።

ጋሽ ወርቁ ያኔ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እርማቱ አልተነገረም» አሉ።

«አልተነገረም።»

«ስሕተቱም ጠፋ።»

«አዎ።»

«እንግዲህ አሁን ምንም አልሆነም ማለት ነው» አሉና እርሳሳቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው አየህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

መስፍንም ቆይቶ አሶሳን ለቀቀ። ከመሄዱ በፊት ኦርጋኑ ውስጥ ያለውን የሰይድን ምት ልቅረጸው ብዬ ጠይቄው ነበር፤ መጋዘን ውስጥ እያለ ባትሪው አልቆ የያዘውን ሁሉ ጥሎታል። አዲስ ባትሪ ሲገባበት ፋብሪካው የሰጠውን ምት ብቻ ነበር የሚመታው።

መንግሥት ተለወጠ። ብዙ ሠፋሪ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ብዙውም ቀረ። ፋጡማ ልጇ ያለበት አገር ይሻለኛል ብላ ከቀሩት ነበረች። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ለሥራ አሶሳ ሄጄ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ማንጎ ትሸጥ ነበር። አርጅታለች፤ ግን ከሩቅ ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት።

«ጋዜጠኛው! ና፣ ተቀመጥ። ይሄን በርጩማ ያዝ። አንተም ሸበትክ?»

ተቀመጥኩ። አንድ ማንጎ ልጣ ሰጠችኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከዚያ በቀላሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚወራ ዓይነት ነገረችኝ።

«እኅቱ መጣች። ከስንት ዓመት በኋላ። ያኔ ራዲዮውን ሰምታው ኖሯል። መንገዱ ሲከፈት ሰይድ ጋ ብላ ነው የመጣችው፤ ጋቢ ፈትላለት። መርዶውን እኔ ነገርኳት።»

«እርማቱን ከለከሉኝ» አልኳት። «ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።»

«ሰምቻለሁ። ሼህ ይመር ነግረውኛል።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያ ካሴት አለ? ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው ሁሉን ይሰማሉ። የልጅ ልጄ ያጎቴን አሰሚኝ ትለኛለች።»

«የለም» አልኳት።

«ማን ወሰደው?»

«እኔ አጠፋሁት። እንዳይደገምብሽ ብዬ።»

አንድ ደንበኛ መጣ፤ ሦስት ማንጎ ሰጠችው፤ ሄደ።

«እኔ ያልኩህ ሞቷል በል ነው» አለች። «አጥፋው መች አልኩህ?»

«አላልሽኝም።»

«ይደገም፤ ልቅሶዬ ነው። ያንን ስሰማ ሰው ሁሉ ይከበኝ ነበር።» የማንጎ ሳጥኑን ክዳን ወደ ጭኗ ሳበችና በሁለት እጇ መምታት ጀመረች። ሁለት፣ ሦስት፣ አቆመች። እንደገና ጀመረች። ያው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ያቺ የምትዘገየዋ» አለችኝ፣ «ከሦስተኛው በፊት ናት ወይስ በኋላ? አንተ ደጋግመህ ሰምተሃታል።»

ቴፑን ስቆርጥና ስቀጥል ሃያ ጊዜ ሰምቻት ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ብዙ ጠበቅኩ። ፋጡማም ጣቷን እንዳነሣች ጠበቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።